ብረት ድስት የሚያፈስ እጅ የአውሮፕላን ሞተር ዕቃ ያፈሳል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን እየሠራን ነው። ሞተሩ የቮልስ 1600 ነው። ከፍታው ጉልበቱን ስለሚቀንስብን ሰፋ ያለ ኢንቴክ ማኒፎልድ (አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ ቧንቧ) እንፈልጋለን። በዚያው ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ሃብና አራት ፒስተን ለማሠራት አስበናል። ደሴ ብረት ድስት የሚያፈስ ባለሙያ አግኝተን ‹ሞዴሉን አምጡ እንጂ እኔ አፈስላችኋለሁ› ብሎናል። የፋብሪካውም ፒስተን እኮ ፈስሶ የተሠራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ አስፈስሰው እኛ ፒስተን ያቅተናል? የትኛውን ማስፈሰስ እንችላለን? ስንት ኪሎ አሉሚኒየምስ እንግዛ?»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ከማኒፎልዱ የተወሰነውን ክፍል ማስፈሰስ ትችላላችሁ። ፒስተኑን ተዉት። የፕሮፔለሩን ሃብ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት።

ደሴ ያገኛችሁት ሰው ጉራ ነዛባችሁ ማለቴ አይደለም። ብረት ድስት የሚያፈስ ሰው አሸዋ ያውቃል። ሞልዱ መድረቁን ዳብሶ ይለያል። የትኛው ቁርጥራጭ ጥሩ እንደሚቀልጥ በክብደቱና በድምፁ ይነግርሃል። ይህ በዓመታት የሚገኝ እውቀት ነው። ችግሩ ድስት ቻይ ዕቃ መሆኑ ነው። ግድግዳው ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ብትኖር፣ ወጡ እስካላፈሰሰ ድረስ ማን ያውቃል? የሞተር ዕቃ ግን በሰዓት በመቶ ሺህዎች ጊዜ ይመታል። ያችን ቀዳዳ ፈልጎ ያገኛታል።

ከሃቡ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። የእናንተ ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። በደቂቃ 3,000 ዙር ብትበሩ በሰዓት 360,000 ምት ነው። በ100 ሰዓት 36 ሚሊዮን። ይህ ሁሉ በሃቡ በኩል ያልፋል። አውሮፕላኑ በዞረ ቁጥር ደግሞ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ሃቡን ሊያጣምመው ይታገላል። አሉሚኒየም አንድ መጥፎ ጠባይ አለው። ጭነቱ ትንሽ ቢሆንም በቂ ጊዜ ከተደጋገመበት ይደክማል። ስንጥቁ የሚጀምረው ደግሞ ከውስጥ ቀዳዳ ወይም ከተጣጠፈ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሁለቱም በአሸዋ ቀረጻ (በአሸዋ ሞልድ በፈሰሰ ዕቃ) ውስጥ አይጠፉም። አንዱ የፕሮፔለር ስለት ብቻ ከሄደ የቀረው ሞተሩን ከማሰሪያው ነቅሎ ሊወስደው ይችላል። አፍንጫው ላይ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ሚዛኑ ይጠፋል፤ ተንሸራትቶ ማረፍ እንኳ አይቻልም። ለዚሁ ሞተር ተሠርቶ የተፈተነ ሃብ ግዙ። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አትከራከሩ።

ፒስተኑ ትንሽ ያከራክራል። የፋብሪካውም ፈስሶ የተሠራ ነው ያልከው እውነት ነው። ግን እንዴት ፈሰሰ? በአሸዋ ሳይሆን በብረት ሞልድ ነው። እንዲህ ያለ ፒስተን በአብዛኛው 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን ካለው ቅይጥ ይሠራል፤ መዳብ፣ ኒኬልና ማግኒዚየም ተለክቶ ይገባበታል፣ ከዚያ በሙቀት ይታከማል። ቅርጹም እንደሚመስለው ክብ አይደለም። ማይክሮሜትር ካላችሁ ቀሚሱን (የታችኛውን ጎኑን) መጀመሪያ በፒኑ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ በመስቀለኛው ለኩት። ልዩነት ታገኛላችሁ። ሆን ተብሎ ሞላላ ነው። አናቱም ከታችኛው ይጠብባል። ሲግል ነው ልኩን የሚይዘው። ቶርኖ ላይ ክብ አድርጋችሁ ያወጣችሁት ፒስተን ሲግል ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ኃይሉንም እናስላው። የቮልስ 1600 ስትሮክ፣ ማለትም ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት፣ 69 ሚሊ ሜትር ነው። በ3,600 ዙር ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ከራሱ ክብደት 600 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጎትታል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ፒስተን ቢሆን ሦስት ኩንታል ሆኖ ፒኑ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ጭሱ ወጥቶ ሲያልቅ ከላይ የሚደግፈው ግፊት እንኳ የለም። ይህ በሴኮንድ 30 ጊዜ ይደጋገማል። የቮልስ ፒስተን ከነሲሊንደሩና ከነፋሻው (ፒስተኑን ከሚከብበው ቀለበት ጋር) ዛሬም ይመረታል። ብሩን እዚያ ላይ አውሉት።

የአፄ ቴዎድሮስን ነገር ስላነሳኸው፦ ሴባስቶፖል ጋፋት ፈስሶ መቅደላ ድረስ የተጎተተ ነው። አሁንም እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ አለ። ነገር ግን ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ዕቃ ነው። መድፍ ሲሆን ጥርጣሬ በያዘህ ቁጥር ግድግዳውን ታወፍረዋለህ። ዋጋውን የሚከፍለው ጎታቹ ነው። አውሮፕላን ላይ ይህ መውጫ የለም።

ለእናንተ የሚቀርበው ታሪክ የራይት ወንድማማቾች ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የበረረው ሞተራቸው ክራንክ ኬዝ፣ ዴይተን ከተማ በሚገኝ የቀረጻ ቤት የፈሰሰ አሉሚኒየም ነበር። 8 በመቶ ገደማ መዳብ ነበረበት። ሞተሩን የሠራላቸው ቻርሊ ቴይለር የሚባል መካኒካቸው ነው። 12 ፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ገና ሲፈትኑት የፈሰሰው አካል ተሰበረባቸው። እንደገና አስፈሰሱና በታኅሣሥ በረሩ። የተሰበረው መሬት ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ። የእኛዋ አውሮፕላን ፀሐይም እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ስትሠራ ሞተሯ ዋልተር ከሚባለው የቼኮዝሎቫኪያ ፋብሪካ የመጣ ነበር። ሞተር ከውጭ ማስመጣት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ማኒፎልዱ። ያሰፋችሁት እንደሆነ ከፍታው የበላውን ጉልበት የሚመልስ መስሏችኋል። አይመልስም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ 83 በመቶ ያህል ነው ጥግግቱ። ደሴ ስትወጡ ወደ 78 ይወርዳል። 60 ፈረስ የተባለ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ቢበዛ 50 ቢሰጣችሁ ነው። የጎደለው አየሩ ራሱ ነው፤ ቧንቧው ስላልጠበበ ማስፋቱ ምንም አይጨምርም። እንዲያውም ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይቀንስና ቤንዚኑ ግድግዳው ላይ ይቀራል። አንዱ ሲሊንደር ይጠግባል፣ ሌላው ይራባል። የተራበው ይግላል። የካርቡራተሩን ጄት (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳውን) ለከፍታው አስተካክሉ። ሞተሩ ዙሩን እንዲያወጣ የፕሮፔለሩን ፒች (የስለቱን ዘንበል ማለት) ቀንሱ። የቀረውን አውሮፕላኑን በማቅለል ፈልጉት።

ያልጠየቃችሁኝ ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የቮልስ የራሱ ማኒፎልድ ሥር የምትሄድ ቀጭን ቧንቧ አለች። የጭሱን ሙቀት እያመጣች ማኒፎልዱን የምታሞቅ ናት። መኪና ላይ በጥላሸት ብትደፈን ብዙ ሰው ግድ የለውም። ቤንዚን ሲተን ግን ሙቀት ይሰርቃል። አየሩ እርጥበት ካለው፣ ውጭው 20 ዲግሪ እያለ እንኳ ካርቡራተር ውስጥ በረዶ ይሠራል። ደሴ በክረምት ጉም ስትለብስ ለዚህ የተመቸች ናት። አዲሱ ማኒፎልድ ያችን ማሞቂያ ካስቀረ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሸጋ ሆኖ ልታርፉ ጋዝ ስትቀንሱ ዝም ሊልባችሁ ይችላል። ከማርሚታው ዙሪያ ሞቅ ያለ አየር ስቦ ወደ ካርቡራተሩ የሚያስገባ፣ ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ የምትከፍቱት ማሞቂያ የግድ አስገቡ።

ረጅሙን ቧንቧ አታስፈስሱት። በአሸዋ ሲፈስ ግድግዳው ከ4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቅልጡ ሳይሞላ ይረጋል። ካወፈራችሁት ደግሞ ክብደት ተሸከማችሁ። ስስ የብረት ቧንቧ አጥፋችሁ አስበይዱ። ማስፈሰስ የሚያዋጣው ካርቡራተሩ የሚቀመጥበትን ክርንና ጫፍ ላይ ያሉትን ፍላንጆች (በቡሎን የሚታሰሩትን ጠፍጣፋ ከንፈሮች) ነው። የቫልቭ ክዳንም ለመለማመጃ ጥሩ ነው።

ብረቱን እንምረጥ። ከመኪና የወጣ የአሉሚኒየም ቸርኬ ፈልጉ። ቸርኬ በአብዛኛው ኤ356 ከሚባለው ቅይጥ ነው። 7 በመቶ ሲሊከንና ጥቂት ማግኒዚየም አለው። ደህና ይፈሳል፣ ሲረጋም እምብዛም አይሰነጠቅም። የባጃጅና የአይሱዙ ፒስተን ቁራሌው ዘንድ ሞልቷል። እሱም ይፈሳል፣ ግን የሚወጣው ዕቃ ተሰባሪ ነው። የመስኮት ፍሬም ሞልዱ ውስጥ እያለ ይሰነጠቃል። የለስላሳ ጣሳ ግማሹ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። የአሮጌ ድስት ስብርባሪ ደግሞ ምን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። አሮጌ ካርቡራተር እንዳይቀላቀልባችሁ፤ ብዙዎቹ ዚንክ አለባቸው። እጅ ላይ ሲያዝ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ከሆነ አውጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የቮልስ ክራንክ ኬዝ አሉሚኒየም ይመስላል እንጂ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። የተሰነጠቀ ኬዝ ካላችሁ «ይኼንንም እንጨምረው» ማለት ይመጣል። እንዳታደርጉት። ምድጃ ውስጥ ከተያያዘ ዓይን በሚያሳውር ነጭ ብርሃን ይነድዳል። ውሃ ቢደፋበት ይባስ ይፈነዳል። ለመለየት ቀላል ነው። ፍቃችሁ ባጸዳችሁት ቦታ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ። ማግኒዚየም ወዲያው ይንጣጣል፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል።

ማቅለጡ ላይ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም ከእርጥበት፣ ከዘይት፣ ካልሞቀ ማማሰያ ሳይቀር ሃይድሮጅን ይጠጣል። ሲረጋ የመያዝ አቅሙ ወደ 20 እጥፍ ይቀንሳል። የተረፈው ጋዝ አረፋ ሆኖ ውስጡ ይቀራል። ቸርኬውን በሳሙና እጠቡ፣ ቀለሙን አስለቅቁ፣ አድርቁ። መጀመሪያ አቅልጣችሁ ቆሻሻውን ገፍፋችሁ ጡብ አድርጉት። ዕቃውን የምታፈስሱት ጡቡን እንደገና አቅልጣችሁ ነው። የብረት ድስት ውስጥ ካቀለጣችሁ የውስጡን ግድግዳ በሸክላ ጭቃ ቀብታችሁ በደንብ አድርቁት። አለዚያ ብረቱ ወደ አሉሚኒየሙ እየሟሟ ይገባል። እንደ መርፌ የቀጠኑ ጠጣር ክሮች ይሠራና ዕቃውን ተሰባሪ ያደርገዋል። ለዚህ ቅይጥ የሚፈቀደው የብረት መጠን 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ሙቀቱን በቴርሞኮፕል (በከፍተኛ ሙቀት መለኪያ) ለኩ። አሉሚኒየም በቀን ብርሃን በቀለሙ ያታልላል። ከ700 እስከ 730 ዲግሪ በቂ ነው። «ትንሽ ይጨመርለት» እየተባለ 800 ሲገባ የሚጨመረው ሃይድሮጅኑ ነው።

ስለ ደኅንነቱ በአጭሩ፦ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ያድጋል። ሲሚንቶ ወለል ላይ የፈሰሰ አሉሚኒየም ሲሚንቶውን ሰንጥቆ ፊት ላይ ይረጫል። የምታፈስሱበት ቦታ ላይ ደረቅ አሸዋ አልብሱ። የቆዳ ጫማ፣ የቆዳ ሽርጥ፣ የፊት መከላከያ አድርጉ። በሸበጥ የሚያፈስ ሰው ካያችሁ ጎበዝ ነው ብላችሁ አታድንቁ።

ሞዴሉን ከደረቀ ዋንዛ ሥሩ። አሉሚኒየም ሲረጋ ስለሚሰበሰብ በየ100 ሚሊ ሜትሩ 1.3 ያህል ጨምሩ። ከአሸዋው ሳይቀድድ እንዲወጣ ጎኖቹን በ2 ዲግሪ አዘንብሏቸው። የቦርከናን አሸዋ ብትጠቀሙ አጥባችሁ በጥሩ ወንፊት ንፉት። ለውስጡ ክፍት ቦታ ኮር ያስፈልጋል። አሸዋ በጥቂት ሞላሰስ ለውሳችሁ በ200 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ጋግሩት። ጋዙ የሚወጣባት ቀዳዳ መሐሉ ላይ ተዉለት። ዕቃው ከወጣ በኋላ ኮሩን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት አጽዱ። ማኒፎልድ ውስጥ የቀረች አሸዋ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር ገብታ ፋሻውን ትበላለች።

አፈሳሱ ላይ ነው ድስት ሠሪውና እናንተ የምትለያዩት። የሻይ ቤት ልጅ ሻዩን ከፍ አድርጎ ሲቀዳ አረፋ ይሠራል አይደል? አሉሚኒየምም እንዲያ ነው። ልዩነቱ የእሱ አረፋ የማይጠፋ ኦክሳይድ መሆኑ ነው። ቅልጡ ሞልዱ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከግማሽ ሜትር ካለፈ የላዩ ሽፋን እየታጠፈ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽፋን በሽፋን ላይ ተጣጥፎ ሳይያያዝ ይቀራል፤ ይህ የተዘጋጀ ስንጥቅ ነው። ግማሽ ሜትር ፍጥነት ለመድረስ ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር መውደቅ ይበቃዋል። ስለዚህ ከላይ ወደ ዕቃው ቀጥታ አታፍስሱ። ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ማፍሰሻ ይኑር። ከሥሩ ሰፋ ወዳለ ቦይ ይግባ፣ እዚያ ይረጋጋ። ከዚያ በዕቃው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይሙላ። ማሰሮውን ወደ ሞልዱ አፍ አስጠግታችሁ፣ ማፍሰሻው ሙሉ እንደሆነ ሳታቋርጡ አፍስሱ። ወፍራሙ ክፍል፣ ማለትም ፍላንጁ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚረጋ ከላዩ ወፍራም መጋቢ፣ ማለትም ሲረጋ ቅልጥ የሚያቀብለው ትርፍ ክፍል፣ አድርጉለት። መጋቢው ከፍላንጁ ቀድሞ ከረጋ ጉድጓዱ ፍላንጁ ውስጥ ይቀራል።

ከእያንዳንዱ ቅልጥ የጣት ውፍረት ያላት ዘንግም አብራችሁ አፍስሱ። በመጋዝ ቁረጧትና በአሸዋ ወረቀት አለስልሷት። ነጥብ ነጥብ ቀዳዳ ከታየ ጋዝ አለ፤ ያንን ቅልጥ ለአውሮፕላኑ አትጠቀሙበት። ሁለተኛዋን ስበሯት። የስብራቱ ፊት ላይ የሚያብለጨልጭ ለስላሳ ሽፋን ካለ ኦክሳይድ ነው።

ዕቃውን ራሱን በላምባና በጠመኔ ፈትሹ። ላምባ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠርጋችሁ አድርቁት፣ የጠመኔ ዱቄት ነፋ ነፋ አድርጉበት። ስንጥቅ ካለ ላምባው ተመልሶ ይወጣና ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ይህ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ጫፎቹን ደፍናችሁ በብስክሌት ፓምፕ አየር ሙሉበትና የሳሙና ውሃ ቀቡት። ማኒፎልድ አየር ከሳበ ድብልቁ ይሳሳል፣ ቫልቭ ይቃጠላል። ጓርኒሲዮን የሚቀመጥበትን ፊት በፍሬዛ አስተካክሉ፤ በፋይል ልክ አይመጣም።

የአውሮፓ የቀላል አውሮፕላን መስፈርት፣ በዓይን ብቻ የተፈተሸና አንድ ናሙናው በጭነት የተሞከረ ቀረጻ ሁለት እጥፍ ጥንካሬ እንዲኖረው ይጠይቃል። ካርቡራተራችሁ 2 ኪሎ ቢሆን፣ በ4 እጥፍ ስበት ሲናጥ 8 ኪሎ ነው። በተለመደው 1.5 መጠባበቂያ 12 ይሆናል። የቀረጻው እጥፍ ሲጨመር 24። ክርኑን ጠረጴዛ ላይ በቡሎን አስራችሁ 25 ኪሎ ጤፍ አንጠልጥሉበት። ካልታጠፈና ካልተሰነጠቀ ጥሩ። የተሞከረውን ግን ለማሳያ አስቀምጡት፤ የሚበረው ከዚያው ቅልጥ የወጣው ወንድሙ ይሁን። ንዝረት በጤፍ አይፈተንምና ካርቡራተሩን በተጨማሪ ዘንግ ከሞተሩ ጋር ደግፉት። ሞተሩን መሬት ላይ አስራችሁ ብዙ ሰዓት አሠሩት፣ በየመሐሉ እየፈታችሁ በላምባና በጠመኔ ድገሙት። ከመሬት ለመነሳት ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የቅልጡን ቀን፣ ሙቀቱን፣ የፈተናውን ውጤት በደብተር ያዙ፤ ከጠየቁ የምታሳዩት አላችሁ።

የኪሎው ጥያቄ፦ ክርኑ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ከማፍሰሻውና ከመጋቢው ጋር አንድ ኪሎ ተኩል ይፈልጋል። አንድ ቸርኬ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ስለሚመዝን ለናሙናውም ለተበላሸውም ይበቃል። አንድ ብቻ ግዙ፤ ሁለት የተለያየ ቸርኬ አታቀላቅሉ። ከመቁረጣችሁ በፊት ጠርዙ ላይ የተለጠፉትን የሚዛን እርሳሶችና የጎማውን ቫልቭ ንቀሉ።